በረዶ እስኪጥል አንጠብቅ፣ ልጆቹን ተራራ እናውጣቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ከደብረ ብርሃን ነው ምጽፍላችሁ፣ ሰላም ብያለሁ።

ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ በረዶ በጣለ ቁጥር ፌስቡኩም ቲክቶኩም ወዲያው ነጭ በነጭ ይሆናል፣ «አውሮፓን መሰለች» ምናምን እየተባለ። ሰዉም መኪናውን ጥግ እንኳን በደንብ ሳያሲዝ ይወርድና ልጆቹን በረዶው ላይ እያንከባለለ ቪዲዮ ይቀርጻል። ልጅ ሲደሰት ማየት ማን ይጠላል፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ግን ቦታውን ምናውቅ እናውቀዋለን፣ ባንድ በኩል ገደል ባንድ በኩል ከደሴ አቅጣጫ እያጓራ የሚመጣ ተሳቢ፣ ደሞ ከቆላው የሚነሳው ሞቃት አየር ገደሉን ታኮ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፣ ያኔ ከፊት ያለው መኪና መብራቱን ካላበራ አይታይም። በዛ ላይ በረዶው የወረደው የሰው እህል ላይ ነው። አበባ የያዘ ባቄላ በአንድ ከሰዓት ድምጥማጡ ሲጠፋ ያየ ሰው ሴልፊ አያምረውም።

ልጆቹ ግን ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሚኒሶታ ያለችው እህቴ ልጆቿ በፕላስቲክ ሸርተቴ በረዶ ከለበሰ ኮረብታ ሲንሸራተቱ ቪዲዮ በላከች ቁጥር የኔዎቹ «እኛስ መቼ ነው?» ይሉኛል፣ «እዚህም እኮ ይበርዳል!» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ብርድ አይደለም ማለት አይቻልም። ችግሩ ብርዱና ደመናው አይገናኙም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን የሚበርደው ሰማዩ ጥርት ስለሚል ነው፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት የሚያቅብለት ደመና የለም፣ ስለዚህ ውርጭ ይመታናል እንጂ ከሰማይ የሚወርድ ነገር የለም። ክረምት ደመናው ሲመጣ ደሞ ብርዱ እንደ ሚኒሶታው ለስላሳ በረዶ ለመጣል አይበቃም። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የመንዙ ጓሳ ጫፉ 3,700 ነው፣ አቡዬ ሜዳ የሚባለው ተራራ 4,000 ይደርሳል፣ ከ4,500 በላይ የሆነው ራስ ዳሸን እንኳን አመዳይ (ለስላሳውን በረዶ) የሚለብሰው አልፎ አልፎ ነው። እኛ ላይ የሚወርደው ጠጠሩ በረዶ ነው፣ ደመና ውስጥ ንፋስ ሽቅብ እያነሳው እየደራረበ ያደነደነው፣ ልጅ ጭንቅላት ላይ ቢያርፍ ጨዋታ አይደለም።

ስለዚህ እኔ ምለው በረዶ ማሳደዱን እንተወውና ፕላን እናድርገው፣ በጋ ላይ፣ አዝመራው ገብቶ ሳሩ ሲደርቅ፣ ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ለምሳሌ፣ መንገዱም ሰላም ሲሆን። የደረቀ ሳር ተዳፋት ላይ የሚሄድ ሸርተቴ ያየ ልጅ በረዶ አምጡልኝ አይልም። ነጭ ነገር ካላየሁ ካለም ፀሐይ ሳትወጣ ይዛችሁት ውጡ፣ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ታገኙታላችሁ፣ ያቆረ ውሃ ላይም ስስ በረዶ ጋግሮ፣ ሰብሮ ይጫወትበት፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል ይጠፋል ያኔ ሸርተቴው ይጀመራል።

መንሸራተቻው ወጪ የለውም። ያረጀ ከመነዳሪ ከጎሚስታ ቤት ይገኛል፣ የከባድ መኪናው ሁለት ልጅ ይችላል፣ ግን የንፋስ መሙያዋን ብረት በጨርቅ ጠቅልላችሁ እሰሩ፣ ጭን ትቦጫጭራለች። ለሁለት የተሰነጠቀ ጀሪካንም ይሄዳል ጠርዙ ከተሞረደ። ዋናው ተዳፋቱ ነው፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ከታች ሰፊ ሜዳ ላይ የሚያልቅ፣ ቦይ ወይ ገደል ወይ መንገድ ላይ የሚያልቅ ከሆነ የፈለገ ቢያምር ትታችሁት ሂዱ። አዋቂ ቀድሞ ይሞክረው፣ ልጆቹ ተራ በተራ፣ ቁጭ ብለው እግር ወደፊት እንጂ በደረታቸው ተኝተው ጭንቅላታቸውን አስቀድመው አይሂዱ።

ጓሳ ላይ ግን ይሄን እንዳታስቡት! መንዞች ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ቀድሞ ቄሮ በሚሉት የሳር ጥበቃ ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩት ሳር ነው፣ ለተወሰነ ዓመት ዘግተው ሲደርስ ከፍተው በልክ እያጨዱ፣ ቤት ክዳኑም ገመዱም ከሱ ነው፣ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዛው ነው የሚኖረው። ጓሳ ለማየት ነው የሚኬደው፣ ለጭላዳም ዳቦ አይወረወርም። ለሸርተቴ የግጦሽ መሬት ይሻላል፣ የአካባቢውን ሰው አስፈቅዶ፣ የእረኞቹንም ልጆች አብሮ አጫውቶ (መቼም እነሱ ሲያዩ የኛዎቹ ብቻ ቢንሸራተቱ አያምርም)።

ልብስ ላይ ብዙ ሰው ጋቢ ደራርቦ ይመጣል፣ ጋቢ ደረቅ ሲሆን የሚያህለው የለም ግን ጥጥ ነው፣ ጤዛ ከነካው ይከብድና ይበርዳል፣ ሱፍ ግን ረጥቦም ሙቀት ይይዛል፣ የመንዝ ሰው በርኖሱን ዝም ብሎ አይደለም የለበሰው። ለልጆች ሹራብ፣ ቅያሪ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ፊታቸውን ደሞ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር አስር በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ብርድ ነው ብሎ ፀሐዩን የናቀ ማታ ፊቱ ይላጣል። ከሸዋሮቢት ዘመድ ከጠራችሁ አስቡላቸው፣ 1,300 ሜትር ላይ ካለ ከተማ ተነስተው በአንድ ጠዋት ከ3,000 በላይ ሲወጡ ሙቀቱ አስር ዲግሪ ገደማ ይወርድባቸዋል ራሳቸውንም ሊያማቸው ይችላል፣ ቀስ ብለው ይራመዱ ውሃ ይጠጡ። አጎቶች «ብርዱን ለመስበር» የሚሏት አረቄ ደሞ ትቅር፣ ደሙን ወደ ቆዳ አምጥታ የሞቀ ታስመስላለች እንጂ የሰውነት ሙቀት ታስወጣለች፣ ሚነዳ ሰው ደሞ ጭራሽ። ሻይ በፔርሙዝ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ በቂ ነው። ከሰዓት ጉሙ ሳይነሳ መመለስ ነው።

የከተማው አስተዳደርም ሆነ የዙሪያው ወረዳዎች አንድ ነገር ቢያደርጉ ደስ ይለኛል፣ አንድ ተዳፋት መርጠው ድንጋዩን ማስለቀም፣ ሽንት ቤት ማቆምና መኪና ማቆሚያውን ከዋናው መንገድ ማራቅ፣ ሌላ ምንም አንልም፣ ጥበቃውንና ሻዩን የሰፈሩ ወጣቶች ይዘው ሳንቲም ያገኙበታል። አንኮበር፣ መንዝ፣ ሞጃ በኩል ያላችሁ አንባቢዎችም ጥሩ ተዳፋት ምታውቁ ካላችሁ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልን፣ እስከ ገና እናየዋለን፣ ከመነዳሪው በኔ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን