የአምስቱ ጀግኖች አባት ስሙ ይነሳ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ፓወር ሬንጀርስ ስለተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ባወጣችሁት ጽሑፍ የጃፓናዊው የማንጋ (የጃፓን ባለ ሥዕል ታሪክ) ሠዓሊ የሾታሮ ኢሺኖሞሪ ስም አለመነሳቱ ቅር አሰኝቶናል። ባለ ቀለም ልብስ የለበሱት አምስት ጀግኖች አሜሪካ አልተወለዱም፤ ዘራቸው እ.ኤ.አ. በ1975 በጃፓን ቴሌቪዥን ከጀመረው ‹ጎሬንጀር› ይመዘዛል። እሱን የፈጠረው ኢሺኖሞሪ ነው፤ ከዚያ በፊትም በ1964 ‹ሳይቦርግ 009› የተባለውን ማንጋ፣ በ1971 ‹ካመን ራይደር› የተባለውን የጀግና ታሪክ ፈጥሯል። በ1998 በ60 ዓመቱ ሲያርፍ የተወው ሥራ ከ128,000 ገጽ በላይ ነው፤ በጊነስ መዝገብም ሰፍሯል።

ያን ሁሉ ገጽ ብቻውን አልጨረሰውም። የማንጋ ሥራ ሲከፋፈል ነው የሚያልቀው፦ ዋናው ሠዓሊ በረቂቅ ክፈፎቹን (ሥዕሎቹ የሚገቡባቸውን ሳጥኖች) እና ንግግሩን ይደለድላል፣ በእርሳስ ይነድፋል፣ ገጸ ባሕርያቱን በቀለም ያወጣል፤ ጀርባውንና ጥላውን ረዳቶች ይሞላሉ።

እዚህ ጎንደር ማንጋ የሚሞክሩ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ረቂቁን ዘለው ወደ ቀለሙ ሲሮጡ ነው። ንግግሩ ቦታ ያጣና ፊት ላይ ይወጣል። ቀለሙ ሳይደርቅ ላጲስ ካሳረፉበት መስመሩ ይጨማለቃል። ለጋዜጣ የሚሳል ከሆነ ደግሞ የጥላውን መስመሮች በጣም አታቀጥኗቸው፣ አታጠጋጓቸውም፤ ሥዕሉ ሲያንስ ቀጭኑ መስመር ይጠፋል፣ የተጠጋጋው ደግሞ ወረቀቱ ቀለም ስለሚመጥ አንድ ላይ ይጠቁራል። ጃፓኖች ገጹን ከቀኝ ወደ ግራ ያነባሉ፤ በአማርኛ ሲሠራ ግን የመጀመሪያው ክፈፍ በግራ በኩል ይሁን። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግድግዳ እያየ ላደገ ልጅ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መናገር እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ሥዕል ግማሽ ገጽ ብትፈቅዱ አይበዛም።

የሥዕል አስተማሪዎች፣ ከጎንደር