የአውቶ መካኒክ ክበብ፦ ዓመቱን በአንድ ሳጥን

ክበባችን ዘንድሮም ሥራ የጀመረው በቢስክሌት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ጎማ ስንለጥፍ፣ ሰንሰለት ስናጥብ፣ የቤተ ሙከራውን ማራገቢያ ስንፈታ አለፉ። ስለ ማራገቢያው ባላወራ ይሻላል፤ እስካሁን ይጮኻል። የዓመቱ ዋና ሥራችን ከገና በኋላ ወደ ግቢያችን የገባች አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነበረች።

የመኪናዋ ባለቤት የአንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን አባት ናቸው። ሰውየው ሰሊጥ ስለሚነግዱ መተማ ይመላለሳሉ። ጎንደር ላይ መስኮት መክፈት ይበቃል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነን። አይከልን አልፎ ወደ ሸኽዲ ሲወረድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። የመኪናዋ ኤሲ ይነፋል፣ የሚነፋው ግን ለብ ያለ አየር ነው። በየጋራዡ የሚሰጣቸው መልስ ደግሞ አንድ ነው፦ «ጋዝ ይሞላ።» ተሞላ፤ ለውጥ የለም። ጭራሽ ከአየር መውጫው ጥቁር ብናኝ እየወጣ ሸሚዛቸው ላይ ያርፍ ጀመር።

ኮፈኑን ከፍተን፣ ሞተሩንም ኤሲውንም አስነስተን ወደ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ወደሚጨምቀው ፓምፕ) የሚመለሰውን ወፍራሙን ቧንቧ ልጆቹ በእጃቸው እንዲነኩት አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ ላብም አውጥቷል። ስለዚህ ጋዙ ሥራውን እየሠራ ነው። ታዲያ ቅዝቃዜው የት ይገባል?

መልሱ ያለው ከዳሽቦርዱ ኋላ፣ አየሩ በሚያልፍበት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው። በዚህች መኪና ሳጥኑ ከሦስት ክፍል የተገጣጠመ ነው፦ ነፋሹ፣ ማቀዝቀዣው፣ ማሞቂያው። በየመጋጠሚያው፣ በማቀዝቀዣው ዙሪያና አየሩን በሚመሩት መዝጊያዎች ላይ ስፖንጅ አለ። ይህ ስፖንጅ ከብዙ ዓመት ሙቀትና እርጥበት በኋላ ይፈረካከሳል። ያ ጥቁር ብናኝ እሱ ነው። ስፖንጁ ሲያልቅ አየሩ በማቀዝቀዣው ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች መሀል ማለፉን ይተውና በዙሪያው ባለው ክፍተት ሾልኮ ይወጣል። አየር እንደ ሰው ነው፤ አቋራጭ ካገኘ ማን ዋናውን መንገድ ይሄዳል?

ቀዳዳዎቹን የት እንፈልግ ስንል አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ዕጣን ላምጣ?» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ መሣሪያ የለንም። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ፈተን አወጣንና ነፋሹን ከፍተን ማጨሻውን በመጋጠሚያዎቹ ሥር ቀስ እያልን አዞርነው። ደህናው ቦታ ላይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ተገፍቶ ይበተናል። እሱን በጠመኔ ምልክት አደረግን። ሽታው ቢሮ ድረስ ሄዶ ኖሮ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ መጥተው «ቡናው የታለ?» አሉን።

ማቀዝቀዣውን ለማውጣት የጋዙ ቧንቧ መፈታት አለበት። ጋዝ ያለበትን ቧንቧ ግን ተማሪ አይፈታም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ጋዙ አይንና ቆዳን በብርድ ያቃጥላል፤ ወደ ሰማይ መልቀቅም ነውር ነው። በ1990ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በመኪኖች ላይ የኦዞንን ሽፋን ይጎዳ የነበረውን የድሮውን ጋዝ የተካው ጋዝ ራሱ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይብሳል። ስለዚህ ማሽን ያለው ባለሙያ ጋዙን ወደ ሲሊንደር ሰበሰበልን፤ እርጥበት እንዳይገባም የቧንቧዎቹን አፍ ደፈነ። ከዚያ ሳጥኑን ለእኛ ለቀቀልን።

የክበቡ ትልቁ ክርክር የተነሣው በምን እንድፈን ላይ ነው። ግማሹ ሲሊኮን አለ። እኔ አልወደድኩትም። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ለብረት ጥሩ አይደለም፤ ነገ ሳጥኑ ይከፈት ቢባል ደግሞ በቢላ ነው። የመረጥነው የመኪና መስታወት ገጣሚዎች የሚያውቁትን፣ ቡታይል የሚባለውን የማይደርቅ ጥቁር ማጣበቂያ ነው። ለመዝጊያዎቹ ስፖንጅ ፍለጋ ልጆቹ ቅዳሜ ገበያ ወረዱና ሁለት ዓይነት ይዘው መጡ፦ የፍራሽና የስፖርት ምንጣፍ። ከሁለቱም ቆርጠን ውኃ ውስጥ አሳደርናቸው። የፍራሹ ጠጥቶ አበጠ፤ የምንጣፉ ደረቁን ተንሳፍፎ አደረ። የምንጣፉ አየር አያሳልፍም፣ ውኃም አይዝም። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ማቀዝቀዣው ሲወጣ ፊቱ በአቧራና በስፖንጅ ፍርፋሪ ተሸፍኖ ነበር። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውኃ አጠብነው። የውኃ መውረጃው ቱቦም በጭቃ ተደፍኖ ኖሯል። በሽቦ ሲወጋ ጥቁር ጭቃ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፤ ያኔ የተነሣውን ጩኸት የሰማ ጎል የገባ ይመስለዋል። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ሁልጊዜ ለምን እንደሚረጥብም ገባን።

ሳጥኑ ከተገጠመ በኋላ ባለሙያው ከቧንቧው አየሩን በፓምፕ መጥጦ ጋዙን መለሰ። የቤተ ሙከራውን ቴርሞሜትር መሀለኛው የአየር መውጫ ላይ ሰካነው። መጀመሪያ 18 ዲግሪ ነበር፤ አሁን 9 አሳየ። ባለቤቱ ሸኽዲ ደርሰው ደወሉ። ልጃቸው ስልኩን ጮክ አድርጋ አሰማችን፤ «መስኮት ዘግቼ ነው የምነዳው!» ይላሉ።

የማሞቂያው መዝጊያ አሁንም በደንብ አይገጥምም። እሱን ለመሥራት የሞተሩ ውኃ መፍሰስ ስላለበት ለመስከረም አቆይተነዋል። የተረፈው ቡታይልና የስፖርት ምንጣፉ ቁራጭ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አዲስ አባላት ምዝገባው ላይ ካቻቪቴ ይዛችሁ ኑ፤ የክበቡ ካቻቪቴዎች የት እንደገቡ እስካሁን እየጠየቅን ነው።