«አንዳንድ ጉዳዮች» የትኞቹ ናቸው? ከአዳማ ለሰላም ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰላም ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣ እንደምን ሰነበቱ።

አዳማ ውስጥ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች አረፍ የሚሉበት አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ጠዋት ፉልና እንቁላል፣ ከሰዓት በኋላ ሻይና ቡና ነው። ያሉኝ አምስት ጠረጴዛዎች ናቸው። በአራቱ ላይ ሰው በልቶ ይሄዳል። አምስተኛው ላይ ስለ ጦርነት ይከራከራል።

የምጽፈው መንግሥት ከሸኔ ጋር ዛንዚባርና ዳሬሰላም ላይ ስላደረገው ድርድር ነው። ድርድሩን የመራው የእርስዎ መሥሪያ ቤት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ለማን ልጻፍ? በሩ ላይ «ሰላም» የሚል የተለጠፈበት ሚኒስቴር የእናንተ ብቻ ነው። በር ተሳስቼ ከሆነ ለሚመለከተው ክፍል ይምሩልኝ። ደብዳቤ ሲመራ ሲመራ መክረሙን ለምደነዋል።

የአምስተኛው ጠረጴዛ ደንበኞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። በደርግ ጊዜ ሰሜን ግንባር ነበሩ። ግራ እግራቸው በደንብ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በር በኩል ዘርግተው ነው የሚቀመጡት። ሁለተኛው ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ መምህር ነው። ቲቸር እንለዋለን። አሁን ቤት ለቤት እየዞረ ያስጠናል።

ሃምሳ አለቃ የሚሉት አጭር ነው። «መጀመሪያ መሣሪያውን ያስቀምጥ። ጠመንጃ ጭኑ ላይ አድርጎ የሚያወራ ሰው እየተደራደረ አይደለም፣ እያስፈራራ ነው።» ቲቸር ደግሞ፣ «ካስቀመጠ በኋላማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? መጀመሪያ ይነጋገሩ። እኔ ማን አሸነፈ አይደለም ጥያቄዬ፣ መቼ ቤቴ እገባለሁ ነው» ይላል። ቤቱ የተቃጠለበት እሱ ነው። ግን ለመነጋገር የሚቸኩለውም እሱ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበት አልገባኝም ነበር፤ አሁን ትንሽ ትንሽ ይገባኛል።

ሦስተኛ ተከራካሪም አለች፣ እህቴ። ልጇ ሾፌር ነበር። ከአዋሽ ወዲህ ሲመለስ መንገድ ላይ አገቱት። አሥራ አንድ ቀን ጫካ ከረመ። ያገቱት ሰዎች የማን እንደሆኑ አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቀም። ኢሱዙውን ሸጠን አስለቀቅነው። ዛሬ እኔ ጋ ብርጭቆ ያነሳል። ሞተር ሳይክል በር ላይ ሲቆም ትሪውን ካለበት አስቀምጦ ወደ ጓዳ ይገባል። ማንም ምንም አይለውም። ሞተሩ ሲሄድ ተመልሶ ይወጣና ትሪውን ያነሳል። እህቴ ስለ ድርድር ሲወራ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይደራደሩ። ግን ይቅር ሲባባሉ እኔንም ይጥሩኝ።»

ክቡር ሚኒስትር፣ እነዚህ ሦስት ሰዎች በመጣላት ደረጃ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ ሂሳብ ሳይከፍሉ ተነስተው ሄደዋል። (በማግስቱ ከፍለዋል።) መከራከራቸው አይደለም የሚያስጨንቀኝ። የሚያስጨንቀኝ የሚከራከሩበት ነገር እጃቸው ላይ አለመኖሩ ነው።

ያስታውሱ እንደሆነ፣ በሚያዝያ 2015 መንግሥትና ሸኔ የሚባለው ኃይል ዛንዚባር ላይ ተቀመጡ። (እነሱ ራሳቸውን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ይላሉ፤ በስሙም ገና አልተስማማንም።) ከአንድ ሳምንት በላይ ተነጋገሩ። ሲበተኑ የተነገረን ንግግሩ በአብዛኛው ገንቢ ነበር፣ በአንዳንድ ጉዳዮች ግን መስማማት አልተቻለም የሚል ነበር። ቲቸር ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ፣ «አንዳንድ ጉዳዮች ማለት የትኞቹ ናቸው?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ!

በኅዳር 2016 ዳሬሰላም ላይ ሁለተኛው ዙር ተካሄደ። የጫካው ጦር መሪ ራሱ መጥቷል ሲባል ሻይ ቤቴ ውስጥ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨምሩ የማይል ሰው አልነበረም። ያም ያለ ስምምነት አበቃ። መንግሥት በእነሱ በኩል እንቅፋት መፍጠርና የማይሆን ጥያቄ ነበር አለ። እነሱ ደግሞ መንግሥት የፈለገው ለመሪዎቹ ሥልጣን ማካፈል እንጂ ችግሩን መፍታት አይደለም አሉ። ስለ ጸባይ ሰማን። ስለ ጉዳዩ ግን አልሰማንም። የማይሆነው ጥያቄ ምንድን ነበር? ቀረበ የተባለው ሥልጣንስ? መሣሪያ መጀመሪያ ይቀመጥ በሚለው ነው የተጣሉት ወይስ እዚያ ጋ እንኳ አልደረሱም? ሃምሳ አለቃ «እንዳልኩት ነው» አሉ። ቲቸርም «እንዳልኩት ነው» አለ። ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም።

ከዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2017፣ የኦሮሚያ ክልል ከዚያው ጦር ከተለየ አንድ ቡድን ጋር ተፈራረመ። ፊርማውን በቴሌቪዥን አየን። አንቀጹን ግን ጠረጴዛችን ላይ ዘርግተን አላነበብነውም።

አሁን አንድ የራሴን ነገር ላጫውትዎ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች አባታቸው በተወላቸው ወፍጮ ቤት ተጣሉ። መሬቱን ተካፍለዋል፣ ከብቱንም ተካፍለዋል። ወፍጮ ግን ለሁለት አይቆረጥም። ቁልፉ ታናሹ ጋ ነው። ታላቁ «መጀመሪያ ቁልፉን ያምጣ፣ ከዚያ እንተሳሰባለን» ይላል። ታናሹ «መጀመሪያ እንተሳሰብ፣ ቁልፉን ከዚያ እሰጣለሁ» ይላል። ሦስት እሁድ ተቀመጥን። በሦስተኛው እሁድ ሁለቱም ተነስተው ወጡ።

የሰፈሩ ሰው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወጥቷል። ታላቁ ወንድሙን ሊገድለው ነበር የሚል ሁሉ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆም ብለው ተናገሩ። በአራት ነገር ተስማምተዋል፣ እነዚህ እነዚህ ናቸው አሉ። የቀረው ቁልፍ ይቅደም ሂሳብ ይቅደም የሚለው ብቻ ነው አሉ። ማን ማንን እንደሰደበ፣ ማን እንዳለቀሰ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ያ ሆድ ይፍጀው ነው።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ዱቄት የምትጠርግ ሴትዮ፣ ለሽምግልና ማንም ጠርቷት የማያውቅ፣ «ታዲያ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አይደረግም?» አለች። አንዱ የታላቁ፣ አንዱ የታናሹ። ሁለቱም ካልመጡ አይከፈትም። ሂሳቡ እስኪያልቅ ስምንት ቀን ፈጀ። ስምንቱንም ቀን ወንድማማቾቹ በጠዋት ይመጣሉ፣ ሰላምታ የለም፣ እያንዳንዱ የራሱን ጓጉንቸር ይከፍታል፣ ይሄዳል። ወፍጮው ግን ይፈጫል።

ሽማግሌው ደጁ ላይ ቆመው ባይናገሩ ሴትየዋ የተቋጠረው የት ጋ እንደሆነ በምን ታውቃለች?

ይህን የሚመስል ነገር መንግሥትም አንድ ጊዜ አድርጓል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ከሕወሓት ጋር ሲፈራረም ጽሑፉ ሙሉውን ስልካችን ላይ ገባ። ቲቸር እየተረጎመ አነበበልን። ሃምሳ አለቃ እስክሪብቶ ተበድረው ቀኖቹን ናፕኪን ላይ ጻፉ። የጦር አዛዦች በ5 ቀን ይገናኛሉ። እነሱ ከተገናኙ በ10 ቀን ከባድ መሣሪያ ይፈታል። በ30 ቀን ቀላሉም ጭምር። ከዚያ ናፕኪኑን ገፋ አድርገው፣ «ይሄ አይሆንም። እንኳን መረከብ፣ በሠላሳ ቀን ተቆጥሮ አያልቅም» አሉ። ወታደር የነበረ ሰው ነው የሚናገረው።

አሥር ቀን ቆይቶ ናይሮቢ ላይ አዛዦቹ ተገናኙና ቅደም ተከተሉን አስተካከሉት። የከባድ መሣሪያው ርክክብ፣ የውጭ ኃይሎችና ከመከላከያ ውጭ ያሉ ኃይሎች ከክልሉ ከሚወጡበት ጋር ጎን ለጎን ይሂድ ተባለ። የወፍጮ ቤቱን ታሪክ ደጋግሜ ስለምተርክ ሃምሳ አለቃ ሳቅ ብለው፣ «ይሄማ ያንተ ሁለት ጓጉንቸር ነው» አሉኝ።

ፕሪቶሪያ ሁሉን ፈታ አልልም። ኤርትራ ፈራሚ አልነበረችም። የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች በሕገ መንግሥቱ ይፈታሉ ተብሎ አንቀጽ 10 ላይ ተጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሽግግር ፍትሕም እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ። ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ እህቴ ግን እስካሁን የጠራት የለም። ቢሆንም የጎደለውን በአንቀጽ ቁጥር እንጠራዋለን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዳሬሰላም ጉዳይ የምንጠራው ቁጥር የለንም።

ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰሙ አትላንታን ያነሳሉ። ደርግና ሻዕቢያ በአሜሪካው ጂሚ ካርተር ሸምጋይነት አትላንታ ላይ የተቀመጡት ልክ 1981 አልቆ 1982 ሲገባ ነው። ቀጥሎ ናይሮቢ ሄዱ። እዚያ የተጣበቁት ታዛቢ ማን ይሁን በሚለው፣ በተለይ የተባበሩት መንግሥታት ይታዘብ አይታዘብ በሚለው ነበር። ሃምሳ አለቃ ያኔ ምሽግ ውስጥ ናቸው። «እኛ ለመሬት እየተከራከሩ ነው ብለን ነበር» ይላሉ። «ለታዛቢ ወንበር መሆኑን የሰማሁት ጡረታ ወጥቼ ነው።» በየካቲት 1982 ምፅዋ ተያዘች። የዘረጉትን እግር በእጃቸው ያሻሻሉና ዝም ይላሉ።

እርግጥ በዝግ መነጋገር ግድ እንደሆነ ይገባኛል። ካሜራ ፊት የሚቀመጥ ተደራዳሪ የሚያናግረው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው አይደለም፣ ቤት የቀረውን ደጋፊውን ነው። ትንሽ ላላ ያለ እንደሆነ ማታውኑ ቴሌግራም ላይ «ከሃዲ» ይባላል። ስለዚህ እየተነጋገሩ ሳለ በሩ ይዘጋ፣ ስልክም ይሰብሰብ። የምለው ከወጡ በኋላ ነው። የኮሎምቢያ መንግሥትና አማጺዎቹ ኩባ፣ ሀቫና ላይ ሲደራደሩ መጀመሪያ ስድስት ነጥብ ያለውን አጀንዳ ለሕዝብ አወጡ። ኋላ ሐሜቱ ሲበዛባቸው በ2014 በፈረንጆቹ፣ ድርድሩ ሳያልቅ፣ እስከዚያ የተስማሙበትን ረቂቅ አሳተሙ። ይህም ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በ2016 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት በትንሽ ልዩነት «አይሆንም» አለ። ግን አይሆንም ያለው ጽሑፉ እጁ ላይ ስለነበረ የትኛው እንዲስተካከል እንደሚፈልግ መናገር ቻለ። አስተካክለው በምክር ቤት አጸደቁት።

እኛ ደግሞ አዳማ ላይ አዳራሽ አላጣንም። ከተማችን በስብሰባ ነው የምትኖረው። በታኅሣሥ 2017 አገራዊ ምክክር ኮሚሽን የኦሮሚያን አጀንዳ ያሰባሰበው እዚሁ ነው። ባጅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ብዙ ሰዎች እኔም ጋ ሻይ ጠጥተዋል። ገበያው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። አንዱን እንግዳ ቲቸር ጠጋ ብሎ፣ «ዳሬሰላም ላይ ያልተስማሙበት ነገር አጀንዳ ሆኖ ተመዝግቧል?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ትንሽ አሰበና፣ «እሱን እናንተ ካወቃችሁት ንገሩን» አለ። ሳቅን። ቲቸር አልሳቀም።

ስለዚህ ክቡር ሚኒስትር፣ የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የዛንዚባሩና የዳሬሰላሙ ድርድር የተስማሙበት ምን ምን እንደሆነ፣ ያልተስማሙበት ምን ምን እንደሆነ፣ ይቅደም አይቅደም የተባባሉትም ካለ እሱ ይጻፍበት። ማን ምን አለ አልጠይቅም። ተደራዳሪዎቹ ሻይ ሲጠጡ የተጨዋወቱትም ይቅር። ሌላኛው ወገንም የራሱን አንድ ገጽ ያውጣ። ሁለቱ ገጾች የማይመሳሰሉ ከሆነ፣ የት ጋ እንደማይመሳሰሉ ቲቸር በእርሳስ ያሰምርበታል። ሥራው ነው። ነገ ሦስተኛ ዙር ካለ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አጀንዳውን አሳውቁን፣ ስትመለሱም ይህንኑ ገጽ ይዛችሁ ተመለሱ።

በኦሮምኛም በአማርኛም ቢሆን ጥሩ ነው። ሾፌሮቹ የየአገሩ ናቸው።

ሲደርሰኝ ከዋጋ ዝርዝሩ ጎን፣ አምስተኛው ጠረጴዛ በላይ እለጥፈዋለሁ። ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን መቀየር አለባቸው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ተለቅ ይበል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሻይ ቤት ባለቤት
አዳማ