ስለ መጽሐፍ ሽፋን ሥራሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሰብለ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። አንድ አሳታሚ የልብወለድ ሽፋን እንድትሥዪለት እንደጠየቀሽ፣ ጓደኞችሽ ግን «ይህ የገበያ ሥራ እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም» ስላሉሽ እንዳመነታሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። ጉዳዩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ መልሴን በጽሑፍ አደረግሁት።

እኔ ሥዕል አልተማርኩም፤ ነገር ግን እዚህ አዳማ መጽሐፍ እየሸጥኩ ስለኖርኩ ሽፋን ምን እንደሚሠራ በየቀኑ አያለሁ። መንገደኛው ወደ መናኸሪያ እየተጣደፈ ሲያልፍ ከደራሲው አንድ ዐረፍተ ነገር በፊት የሚያየው የሠዓሊውን ሥራ ነው። ሽፋኑ ካስቆመው መጽሐፉን ያነሣል፣ ገልብጦ የጀርባውን ጽሑፍ ያነባል፣ ዋጋ የሚጠይቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። የቀትር ፀሐይ በሚያብለጨልጨው ሽፋን ላይ ሲያርፍ በቀጭን ፊደል የተጻፈ ርእስ ጨርሶ አይነበብም፤ ብርሃንና ጥላው በሚገባ የተለየ ፊት ግን ከአስፋልቱ ማዶ ይታያል። ስለዚህ ረቂቅሽን በወረቀት አሳትመሽ መሬት ላይ አስቀምጪና ከላይ ቆመሽ ተመልከቺው። ለርእሱና ለደራሲው ስም የሚሆነውን ቦታ ከመጀመሪያው ተዪለት። ማተሚያ ቤቱ ጠርዙን ስለሚቆርጥ እጅም ሆነ ፊት ወደ ዳር አታስጠጊ፤ በስክሪን ላይ ደምቆ የሚታይ ሰማያዊም ወረቀት ላይ ሲታተም እንደሚደበዝዝ አስቢበት።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን መጽሐፉን ዳር እስከ ዳር አንብቢው። ባለታሪኳ በገጠር ያደገች ጠይም ልጅ ሆና ሳለ፣ ሽፋኑ ላይ ከኢንተርኔት የተወሰደች የባዕድ አገር ሴት ተለጥፋ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ አንብበው የጨረሱ ደንበኞቼም እያነሡ ይወቅሱታል።

«የገበያ ሥራ» የሚለው ነቀፋ እንዳያሸማቅቅሽ የሌሎችን ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1926 ኒው ዮርክ የተወለደው ሠዓሊ ጄምስ ባማ፣ ባንተም የተባለው አሳታሚ ከ1964 ጀምሮ የቆዩ የጀብዱ ታሪኮችን በርካሽ ዋጋ እንደገና ሲያወጣ፣ ለዚያ ተከታታይ 62 ሽፋኖች ሥሏል። ሰው አቁሞ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የባለታሪኩን የተቀደደ ሸሚዝ እጥፋት ሳይቀር አጥንቶ ነበር የሚሠራው። በ1968 ዋዮሚንግ ወደምትባል የአሜሪካ ግዛት ሄዶ በኋላ ያለ አሳታሚ ትእዛዝ ራሱ የመረጠውን ብቻ ወደ መሣል ሲዞር፣ ሰዎችን በዚያ ጥንቃቄ ለማየት የቻለው በሽፋን ሥራ በሠለጠነ ዓይኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ1,000 በላይ ሽፋኖች የሠራው ሮበርት ማክጊኒስም በዚያው ሙያ የተከበረ ሠዓሊ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ሥራው ያዋርደኛል ብለሽ አትፍሪ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስምሽና ሥዕልሽ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ አሳታሚዎች ሥዕሉን ካተሙት በኋላ እዚያው ያስቀሩት ነበር፤ ሌላው የሽፋን ሠዓሊ ፍራንክ ፍራዜታ ግን ዋናው ሥዕልና መብቱ ለራሱ እንዲመለሱ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ለአንድ መጽሔት ሽፋን የሣለው ሥዕል በ2019 በጨረታ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። እኛ አገር ያን ያህል ገንዘብ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሥዕል የሚገኘው ጥቅም ሽፋኑ ሲታተም እንደማያበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የእኛም ሕግ ስለዚህ ይናገራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በውል ታዝዞ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ (ከሥራው የመጠቀም መብቱ)፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ያሠራው ሰው እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህም ማለት ዝም ብለሽ ከፈረምሽ አሳታሚው ሥዕልሽን ለፖስተርም ለማስታወቂያም ሊያውለው ይችላል። ስለዚህ ሥዕሉ ለዚህ መጽሐፍ ሽፋን ብቻ እንደሚያገለግል፣ ድጋሚ ሲታተም ተጨማሪ ክፍያ እንዳለሽ፣ ሸራው ወደ አንቺ እንደሚመለስና «የሽፋን ሥዕል» ተብሎ ስምሽ እንደሚታተም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ስንት መጽሐፍ ገልጬ የሠዓሊውን ስም ሳጣ እንደኖርኩ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሆነሽ ሱቅ ስትመጪ «ማን ሣለው?» እያልሽ የምትጠይቂኝን መመለስ ያቃተኝ ለዚህ ነበር።

ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ ሳትቀበዪ የተጠናቀቀ ሥራ አታስረክቢ። የማሻሻያውን ብዛትም ወስኚ፤ ያለበለዚያ አንዱን ሽፋን ስትደጋግሚ ወራት ያልፋሉ። የውሉን ረቂቅ ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ እዚህ የማውቀው ጠበቃ ስላለ አብረን እናነበውና አስተያየታችንን በሳምንቱ ውስጥ እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ
አዳማ