ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ሒሳብ መምህራን፦ ለሰኞ የሚዘጋጅ

ውድ አባላት፣

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ክፍሎቻችን መደመርና መቀነስ ሰኞ ይጀመራል። ለየልጁ 20 ቆርኪ፣ ለየጠረጴዛው አስር አስር ሆነው በላስቲክ የታሰሩ 5 የጭራሮ እስሮችና 10 ነጠላ ጭራሮ ያዙ። (የተጣመመ ቆርኪ እጅ ይቧጥጣል፤ ለይታችሁ ጣሉት።)

ለመደመር «አስር መሙላት»ን አስቀድሙ፦ ለ8 + 5 ከ5ቱ 2 ወስዶ 8ን 10 ያደርጋል፤ 3 ይቀራል። አማርኛችንም ያግዛል፤ «አስራ ሦስት» ራሱ አስርና ሦስት ነው። 12 ያለ ልጅ 5ቱን ሲቆጥር ከ9 ሳይሆን ከ8 ጀምሯል።

ዋናው ጣጣ መቀነስ ነው። 52 − 27ን 35 የሚል ልጅ ሰንፎ አይደለም፤ 2 ከ7 ስላነሰበት ገልብጦ 7 − 2 ሠርቷል። «ተበደር!» እያሉ መጮህ አይፈታውም። 52ን በ5 እስርና በ2 ነጠላ ጭራሮ ያስቀምጥና አንዱን እስር ራሱ ይፍታ፦ ከ12 ነጠላ 7 ሲያነሳ 5፣ ከቀሩት 4 እስሮች 2 ሲያነሳ 2 እስር፤ 25። ቀጥሎ ባለሱቅ መልስ የሚሰጥበትን መንገድ አሳዩት፦ ከ27 እስከ 30፣ 3፤ እስከ 50፣ 20፤ እስከ 52፣ 2። ሱቅ የሚላኩት ልጆች ይህን ቶሎ ይይዙታል።

ወደ ታች ደርድሮ ማስላት ለጊዜው ይቆይ።