«ኤቫ»ን በአማርኛ እንድናሳትም እጃችሁን ዘርጉልን

ሰላም ወገኖች እንደምን ናችሁ። እዚህ ሆላንድ ያለን መጽሐፍ አንባቢ ጓደኛሞች አንድ ስራ ጀምረን ግማሽ መንገድ ላይ ደርሰናል፣ ከዚህ በኋላ ግን ያለናንተ አንችለውም። ካሪ ፋን ብሩኸን የምትባል ሆላንዳዊት ደራሲ በ1927 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ያወጣችውን «ኤቫ» የሚባል ልቦለድ በቀጥታ ከደች ወደ አማርኛ እያስመለስን ነው።

ማናት ለምትሉ፣ በ1881 ጃንዋሪ 1 ስሚልደ የምትባል ገጠር ተወልዳ ዛንዳም ነው ያደገችው። አባቷ የምኩራብ ዘማሪና የሃይማኖት አስተማሪ ነበር፣ ቤቱ ድሃ ነው፣ ልጅ የበዛበት፣ ሰንበት በጥብቅ የሚከበርበት። አስተማሪ ሆና አምስተርዳም ገባች፣ ከዛ ጋዜጠኛ አግብታ በ1904 ያኔ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ሱማትራ ሄደች፣ በ1907 ተመለሱ፣ በኋላ ከባሏ ተለያየች፣ ግን መጻፏን አላቆመችም፣ አንዳንዶቹንማ ዩስቲነ አቢንግ በሚል የብዕር ስም ነው ያወጣቻቸው። ታናሽ ወንድሟ ገጣሚው ያኮብ ኢስራኤል ደ ሃን ነው፣ እሷ የ1881 የመጀመሪያው ቀን እሱ የዛው ዓመት የመጨረሻው ቀን ላይ ነው የተወለዱት፣ እሱ በ1924 እየሩሳሌም ላይ በጥይት ተገደለ። «ኤቫ» የመጨረሻ ልቦለዷ ነው፣ ከሱ በኋላ ከባድ የድብርት ህመም ያዛትና በ1932 ላረን ውስጥ በ51 ዓመቷ አረፈች።

መጽሐፉ አንዲት ሴት ከወጣትነቷ ጀምሮ እስከ ጎልማሳነቷ ስታስብ የምንሰማበት ነው። ትልቅ ሴራ የለውም፣ ታሪኩ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፣ አንድ አንቀጽ ላይ ደራሲዋ ስለሷ እያወራች ትጀምርና ሳታስበው ኤቫ ራሷ መናገር ትጀምራለች፣ ከዛ ደግሞ ለራሷ «አንቺ» እያለች። ይሄን ወደኛ ቋንቋ ማምጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ተርጓሚያችን አንድ ገጽ ላይ ሙሉ ቀን የምትውልበት ጊዜ አለ፣ ለዚህ ነው በነጻ ስሪልን ማለት ያልቻልነው፣ ሁለት ልጆች አላት፣ ስራ አላት፣ የምትሰራው ማታ ማታ ነው።

ለምን እሷን መረጣችሁ ላላችሁን፣ ከሃይማኖተኛ ቤት ወጥታ በራሷ ማሰብ የጀመረች ሴት ልጅ ውስጧ ምን እንደሚሰማት እንደዚህ አድርጎ የጻፈ እኛ አላገኘንም። እዚህ ያደጉ ሴት ልጆቻችን ከናቶቻቸው ጋር የማይነጋገሩበት ነገር ሁሉ እዛ ውስጥ አለ፣ እናቶቹ ደግሞ ደች የሚያነቡት ጥቂቶቹ ናቸው፣ አማርኛው ከመጣ እናትና ልጅ አንድ መጽሐፍ ማንበብ ይችላሉ። ሃይማኖቷን የተወች ሴት ናት ብለው ቅር ያላቸው ወገኖችም አሉ፣ እናከብራቸዋለን፣ ግን በ1921 ስለ ልጅነቷ ያወጣችውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ያንን ቤት ምን ያህል ትወደው እንደነበር ያያል፣ አንድም ቦታ አላዋረደችውም።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ ደራሲዋ ካረፈች ከ70 ዓመት በላይ ስለሆነ የባለቤትነት መብት አንከፍልም፣ የደቹ ጽሁፍም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ወጪው የተርጓሚ፣ የአርታኢ፣ የገጽ ቅንብርና የህትመት ነው፣ በጠቅላላው 4,500 ዩሮ፣ ከራሳችን አዋጥተን 1,700 ደርሰናል፣ የቀረን 2,800 ነው። 300 ኮፒ እናሳትማለን፣ ግማሹ ኢትዮጵያ ላሉ የህዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይላካል፣ ፒዲኤፉ ደሞ ለማንም ክፍት ነው። ሂሳቡ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይወጣም፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን።

አገር ቤት ስንት የተቸገረ እያለ መጽሐፍ? የሚል ይኖራል፣ ልክ ነው፣ መጀመሪያ ለተራበው ስጡ፣ እኛም እንደዛው ነው የምናደርገው፣ ከዛ የተረፈቻችሁን 5 ዩሮም ብትሆን አትናቋት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሆላንድ ላላችሁ የቲኪ ሊንክ እንልካለን፣ አገር ቤት ላላችሁ በቴሌብር ይቻላል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልን።

ገንዘብ የሌላችሁ ደሞ በስራ አግዙን። ደች አጣርታችሁ የምታነቡ ልጆች ካላችሁ፣ አማርኛው እየተነበበ ከደቹ ጋር የሚያመሳክር ሰው እንፈልጋለን፣ እስራኤል ያላችሁ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ደግሞ የምኩራቡንና የበዓላቱን ቦታ አይታችሁ ብታርሙልን ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ተተይበው አልቀዋል፣ ማንበብ የሚፈልግ ዛሬ ይጠይቀን፣ እንልክለታለን።