ከጎማ ተቆርጦ የተሠራ ጎሚኒ ሐረጎን አይወርድም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ፤ ጥሩ ነው፣ አነባለሁ። ግን የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ከታገደ ወዲህ፣ ኤሌክትሪኩን የመግዛት አቅም የሌለን ሰዎች ያለችንን አሮጌ መኪና እየጠገንን ከመንዳት ሌላ ምርጫ የለንም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ልንገራችሁ። ስለ ጎሚኒ፤ የመኪናዋ እግር፣ ማለትም ጎማውን የሚይዘው ብረት፣ ከአካሏ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ስለሚገባው ላስቲክ።

የኔዋ ፊያት 124 ናት። አባቴ ነው የተወልኝ። ሞተሯ ዛሬም አያስቸግርም። ባለፈው ክረምት ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ግራ ትስበኝ ጀመር፤ ከፊት እግሯም ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይመጣል። ሐረጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፣ ከባድ መኪናው ከፊትም ከኋላም ነው፣ ጉም ሲሆን ደግሞ የመንገዱ ጠርዝ አይታይም። እዚያ ላይ እሺ የማይል መሪ ይዞ መገኘትን ለማንም አልመኝም።

ጋራዥ ወሰድኳት። "የፊት እግሯ ጎሚኒ አልቋል" አሉኝ። ፒያሳ ያሉትን መለዋወጫ ቤቶች አዳረስኩ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ላክሁ። መልሱ አንድ ነው፤ "የሷ ዕቃ የለም፣ ሽጣት።" አንድ ጋራዥ ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጠን እንሠራልሃለን አለኝ። ቸግሮኝ ነበርና እሺ አልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ድምፁ ተመለሰ፣ የፊት ጎማዋም በውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው ወጣ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ትክክለኛው ጎሚኒ ዝም ብሎ ላስቲክ አይደለም። ከውስጥ የብረት ቱቦ አለ፣ ከውጭ ሌላ የብረት ቀለበት አለ፣ ላስቲኩ በሁለቱ መሀል ተጨምቆ ይቀመጣል። እግሩ ከፍ ዝቅ ሲል ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዝና ተመልሶ ይቃናል እንጂ ብረቱ ላይ አይንሸራተትም። ከጎማ የተቆረጠው ግን ቀዳዳው ውስጥ ይዞራል፣ ይፋቃል፣ ይሰፋል። ያኔ እግሩ ቦታውን ይለቃል፤ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) መቶ ጊዜ ቢሠራ አይዝም። ለዚህ ነው በየጋራዡ "ለጊዜው ያስኬድሃል" እየተባለ የሚገጠመው ነገር የሚያናድደኝ። ቁልቁለት ላይ ለጊዜው የሚባል ነገር የለም።

መላ የሰጡኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። መኪናዋን አይተው ሳቅ አሉና "አብሽር ልጄ፣ የላዳ እናት እኮ ናት፤ ላዳ ፈልግ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፊያት 124 በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ወጣች፤ ሩሲያኖች ከፊያት ጋር ተዋውለው ከ1970 ጀምሮ ቶግሊያቲ ላይ የሠሯት የመጀመሪያዋ ላዳ ከሷ የተቀዳች ናት። ለመጥፎ መንገድ እንድትሆን ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ሞተሯን ቀየሩ፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በታምቡር ተኩ። የፊት እግሯ አሠራር ግን የእናቷ ነው። ላዳ ደግሞ እኛ አገር ስንት ዘመን ታክሲ ሆና ሠርታለች፣ ዕቃዋ እስካሁን ይገኛል።

ቢሆንም በስም ብቻ አልገዛሁም። የወለቀውን አሮጌ ጎሚኒ በካሊፐር ለካሁ፤ የውስጥ ቀዳዳውን፣ የውጭ ስፋቱን፣ ርዝመቱን። ያንን በወረቀት ይዤ ሄድኩ። ባለ ሱቁ "የፊያት የለም" ያለኝ ሰው ነው፤ ልኬቱን ሳሳየው ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጠኝ። አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህን ያዙልኝ። የመኪናዋን ስም አትጥሩ፣ ልኬቱን አሳዩ። የተበላሸውንም ዕቃ ዝም ብላችሁ አትጣሉ፤ መለኪያችሁ እሱ ነው።

ሲገጠምም ጥንቃቄ አለው። ግራሶና የተቃጠለ ዘይት ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ በሳሙና ውሃ ይግባ። ትልቁ ስህተት ግን ማጥበቁ ላይ ነው። መኪናዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላ፣ ጎማዋ ተንጠልጥሎ እያለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ አዲሱም ቶሎ ይቀደዳል። መጀመሪያ መሬት ትውረድ፣ ክብደቷ ጎማዋ ላይ ይረፍ፣ ከዚያ ይጥበቅ። እኚያ አባት ከሥር ተኝተው እንዲያ ሲያጠብቁ ያየሁት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስንት ጋራዥ ገብቼ ወጥቻለሁ፣ አንዱም እንዲህ አላደረገም። አሁን ሐረጎን ስወርድ መሪው በሁለት ጣት ይያዛል።

የኋላው ግን እስካሁን አልተፈታም። የኋላ እግሯ ከላዳ ይለያል፣ ልኬቱም አልገጥም አለኝ። ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፤ ግን ዘመድ ለምኖ፣ ሻንጣ ተጠብቆ፣ ለአራት ቁራጭ ላስቲክ ያን ያህል መንከራተት ያማል። ኮምቦልቻ ላይ ቶርኖ ቤት ሞልቷል፣ የብረት ቱቦውን በአንድ ቀን ይቀርጹታል። የጎደለን ላስቲኩን በቅርጽ አፍስሶ፣ አብስሎ ከብረቱ ጋር የሚያጣብቅ ሰው ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ኮምቦልቻ አለ፣ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆችም አሉን። መምህራኑን የምለምነው ይህንን ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ አድርጉት ብዬ ነው። መኪናዬን ለመለኪያ አመጣለሁ፣ አሮጌዎቹን ጎሚኒዎችም አስቀምጫለሁ።

ከአንባቢ መሀል የፊያት 124 የኋላ ጎሚኒ ያለው፣ ወይም የሚሠራ ሰው የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ በጋዜጣው በኩል ይጻፍልኝ። ያገለገለም ቢሆን ለልኬት ይሆነኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ